«ስለ ሽንኩርት እኔን አትጠይቂኝም?»

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.። ከቡርኪና ፋሶ የገባ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ኮሮና እንደተገኘበት ጤና ሚኒስቴር ተናገረ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት ሳይወጣ አዳማም ታማሚ ተገኘባት፤ ከከተማ ከተማ የሚያመላልሰው የሕዝብ መኪና ቆመ፤ በ30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ይህን ሁላችሁም ኖራችሁታል። ሳሙናውን፣ በየደጁ የተቀመጠውን ባለቧንቧ ጀሪካን፣ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርቱን ግፊያ እኔ አላስታውሳችሁም። የምተርክላችሁ ከዚያ ሁሉ ግርግር ሥር ስለነበረ ሌላ ጣጣ ነው፤ ቤት ተዘግቶበት የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት በስልኩ ሲያስስ ስለከረመ ሰው።

ለመተረኪያ አንዲት ልጅ ልሥራ። ስም አልሰጣትም። ከአንድ ሰው ሕይወት አልቀዳኋትም፤ በዚያ ዓመት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ወላጆቻቸው ቤት የተመለሱ ተማሪዎች የኖሩትን ሰብስቤ ነው ያቆምኳት። በዙሪያዋ የምጠራቸው ተቋማት፣ ቀኖችና ጥናቶች ግን የእውነት ናቸው።

ልጅቱ ማስተርሷን አዲስ አበባ ትማራለች፤ ሶሾሎጂ። ርዕሷ የአዳማ የጉልት ሴቶች ናቸው፤ ከመቂና ከባቱ የሚመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም መሬት ላይ ዘርግተው የሚቸረችሩት። ሐሳቧ በሚያዝያ መጠይቋን ይዛ ገበያ ለገበያ መዞር ነበር። አማካሪዋ ደወሉላት።

«ልጄ፣ መስክ የሚባል ነገር የለም። ሊትሬቸርሽን ቤትሽ ሆነሽ ጨርሺ። ኢንተርኔት ላይ እንደሆነ ሁሉ ነገር አለ።»

ሁሉ ነገር አለ! እኔ ይችን አባባል በዚያ ዘመን ስንቴ እንደሰማኋት። ይህን የሚሉ ሰዎች ያለ ነገርና የሚገኝ ነገር አንድ የሆኑ ይመስላቸዋል።

«አዳማ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ለምን እዚያ አትጠይቅም?» እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ልቡ ያለው ምህንድስናና ሳይንስ ላይ ነው። ከዚያም በላይ በዚያ ሰሞን የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ በር ለተማሪ ክፍት አልነበረም። እናም ለልጅቱ የቀራት አንድ ስልክ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከእናቷ የምትለምነው የካርድ ብር፣ ደግሞም ሰው ሲተኛ የሚረክሰው የሌሊት ፓኬጅ ነበር።

ታዲያላችሁ፣ የዓለም ቤተ መጻሕፍት ሁሉ በዚያ ወር በሩን ከፈተ ተባለ። ቴሌግራሙ በሊንክ ተጥለቀለቀ። መጋቢት 15 ቀን ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም «ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት» ብሎ 1.4 ሚሊዮን መጻሕፍት ያለ ወረፋ ለቀቀ። ከዚያ በፊት አንዱን ቅጂ አንድ ሰው ተውሶ እስኪመልስ ሌላው ይጠብቅ ነበር። ካምብሪጅ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ከ700 በላይ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍት በነጻ አቀረበ፤ ሰው ቢጎርፍበት ወዲያው መልሶ ዘጋ። ፕሮጀክት ሚዩዝ በተባለው ማኅደር ውስጥ ያሉ ብዙ አሳታሚዎች መጽሔታቸውንና መጽሐፋቸውን ለጊዜው ነጻ አደረጉ። ጄስቶር የተባለው የመጽሔቶች ማኅደር ደግሞ በወር 6 ጽሑፍ ብቻ ያስነብብ የነበረውን ማንም ግለሰብ እየተመዘገበ 100 እንዲያነብ ፈቀደ።

ልጅቱ በመጀመሪያው ሳምንት ያላወረደችው የለም። ላፕቶፗ በፒዲኤፍ ሞላ። ስለ ላቲን አሜሪካ የመንገድ ነጋዴዎች፣ ስለ ሙምባይ፣ ስለ ሌጎስ። ስለ አዳማ? ምንም። ማውረድ ማንበብ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ እሷም እንደማንኛችንም እዚያ ውስጥ ገባች።

የአስቸኳይ ጊዜው ቤተ መጻሕፍት ነገር ምን ሆነ መሰላችሁ? ግንቦት 24 ቀን አራት ትላልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ ሰኔ 9 ተዘጋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በአርካይቩ ላይ ተፈረደበት። የጄስቶሩ 100 ግን ጊዜያዊ ነው እየተባለ እየተራዘመ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ጎግል ስኮላር ላይ በእንግሊዝኛ «አዳማ» ብላ ስትጽፍ የሚመጣላት ስለ ንፋስ ኃይል ማመንጫው፣ ስለ ውሃው ፍሎራይድ፣ ስለ ሆስፒታሉ ነው። ስለ ሰዉ ኑሮ የተጻፈው የት ገባ? ከብዙ ሌሊት በኋላ ነው የገባት። ከተማዋ ለብዙ አሠርት ናዝሬት ስትባል ነበር፤ አዳማ የሚለው ስሟ በይፋ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስለዚህ የድሮው ጥናት ሁሉ የተቀመጠው በድሮው ስም ነው። «ናዝሬት» ብላ ብትጽፍ ደግሞ የገሊላዋ ናዝሬት ወረደችባት፤ ቁፋሮ፣ ምኩራብ፣ የወንጌል ሐተታ። ከጎኑ «ኢትዮጵያ» ብትጨምርበት ጠራ። ባቱም ዝዋይ ነው፤ ዝዋይም በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ነው። ሻሸመኔን ሁለት ፈረንጅ አንድ ዓይነት አድርጎ ጽፎት አያውቅም። ለአንዱ ከተማ አራት አምስት ጊዜ መፈለግ ግድ ነው፤ ይህን የሚነግራችሁ መመሪያ የለም።

በዚህ መንገድ ካገኘቻቸው አንዱ የአያሌው ገብሬ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በሄግ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም የቀረበ የዶክትሬት ጥናት። ስለ ከረዩ አርብቶ አደሮች ነው። መተሃራ ላይ ስኳር እርሻው፣ ቀጥሎም የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የግጦሽ መሬታቸውን እንዴት እንደወሰደባቸው እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ይተርካል። ሽንኩርት የለበትም። ግን ልጅቱ ያን ካነበበች በኋላ በአዋሽ ዳር መስኖ ሲመጣ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ መጠየቅ ጀመረች፤ የጉልት ሴቶቿ ከየት መጥተው ከተማ እንደገቡም እንዲሁ። ለዚህ የኮሮና ልግስና አላስፈለጋትም። ወረርሽኙ ከመምጣቱ አስቀድሞ የተከፈተ በር ነበር።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቆጨኝ ነገር ይኼ ነው። ሊንክ ሲላላክ የከረመው ሁሉ አዲስ ወደተከፈተው የፈረንጅ በር ነበር፤ ቀድሞም የማይዘጋውን የቤታችንን በር ያየው ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ በሺህ የሚቆጠሩ የማስተርስና የዶክትሬት ሥራዎች ይዞ እዚያው ተቀምጧል፤ ገብቶ ማውረድ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሚተዳደረው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ መጽሔቶችን ያሰባስባል፤ የኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሳይንስና የሥነ ሰብእ መጽሔት እዚያ አለ። የማኅበራዊ ጥናት መድረክ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያሳተማቸው ብዙዎቹ መጻሕፍት በነጻ ይወርዳሉ። አናል ደ ኢትዮጲ የተባለው የፈረንሳዮች መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ያለው ፔርሴ በተባለው ማኅደር ተቀምጧል። ወረርሽኙ ከመግባቱ ስድስት ወር በፊት፣ በመስከረም 2012፣ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚል ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥቶ ነበር፤ ናድሬ የሚባል ብሔራዊ ማከማቻም ተዘጋጅቶለታል። ይህን ያህል ድግስ ተደግሶ ጥሪው ሳይሰማ ቀረ።

የመመረቂያ ጽሑፎቹን በተመለከተ ሐሜት አለ፤ ደካማ ናቸው፣ ይገለባበጣሉ ይባላል። እውነትነት አለው። ግን ልጅቱ ቶሎ የነቃችበት ነገር፣ እነዚህ ጽሑፎች ከኋላቸው መነበብ እንዳለባቸው ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ መጠይቁ በአማርኛና በኦሮምኛ ተያይዟል፤ ገበያ የወጣ ሰው ጥያቄውን እንዴት እንዳቀናው ይታያል። የማጣቀሻው ዝርዝር ውስጥም ኢንተርኔት የማያውቃቸው የዞንና የከተማ አስተዳደር ሪፖርቶች ስም አለ። መደምደሚያውን ዝለሉት።

ደግሞ አንድ በቁልፍ የሚከፈት ቤት ነበር። ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና አሳታሚዎች በጋራ የሚያካሂዱት። ኢትዮጵያን በመሰለ አገር የሚገኝ ተቋም በነጻ ይገባበታል። ከክፍሎቹ አንዱ ጎአሊ ነው፤ የዓለም ሥራ ድርጅት የሚመራው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተ፣ የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ጽሑፎችን የያዘ። ቁልፉ ግን ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይሰጥም፤ የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ተዘግቷል። ልጅቱ የባለሙያውን ስልክ ከሰው ከሰው ጠይቃ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ በእሑድ አስቸገርኩዎት።»

«ኧረ ምንም አይደል። ይገርምሻል፣ ይህን ከጠየቁኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ያዢ፣ ጻፊው።»

እውነተኛዎቹ የዚያ ዘመን ጀግኖች ሐኪሞቹ መሆናቸውን አልክድም፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ የይለፍ ቃል በስልክ የሚያስጽፈው የቤተ መጻሕፍት ሰው ይቆጠርልኝ።

አሁን ሽንኩርቱ ጋ ደረስን።

ከልጅቱ ቤት ፊት ለፊት አንዲት ጉልት ቸርቻሪ አሉ፤ ልጅቱ እትዬ ትላቸዋለች። አንድ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ አዩዋት።

«ምነው ልጄ? ሌሊቱን ሙሉ መብራትሽ አልጠፋም። ምን ትሠሪያለሽ?»

«አነባለሁ፣ እትዬ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሽንኩርት።»

እትዬ በእጃቸው ያለውን ጭብጥ ሽንኩርት አዩት፤ እሷን አዩ። «ስለ ሽንኩርት እኔን አትጠይቂኝም? እዚህ ቁጭ ብዬ!»

ሳቁ አለፈና ልጅቱ ጭንብሏን አድርጋ፣ ራቅ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሌሊት ያገኘችውን ነገረቻቸው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም፣ ኢፍፕሪ የሚባለው፣ ከስምጥ ሸለቆ እስከ አዲስ አበባ ያለውን የአትክልት ንግድ ገና ወረርሽኙ ሳይገባ፣ በየካቲት፣ በአካል ሄዶ አጥንቶት ነበር። ሰነሻው ታምሩ፣ ካሌ ሂርቮነንና ባርት ሚንተን የተባሉት ተመራማሪዎች አገሩ ሲዘጋ በዚያው ሰንሰለት ውስጥ ላሉት ሰዎች ስልክ ይደውሉ ጀመር፤ ለገበሬው፣ ለጅምላ ነጋዴው፣ ለቸርቻሪው። ገና በሚያዝያ መጀመሪያ የጻፉት ወጣ። ሸማቹ ጥሬ አትክልት በሽታ ያመጣል ብሎ እንደሸሸ፣ ገበሬውም መድኃኒትና ዘር እንደቸገረው ይናገራል።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ እትዬ። «ሰላጣ የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። ቃሪያማ ለራሴ በላሁት። ግን ልጄ፣ ዋጋውን ሲጠይቁ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠይቁት?»

«ማለት?»

«የጠዋት ቲማቲምና የማታ ቲማቲም አንድ ነው እንዴ? ማታ እኮ እኔ የምሸጠው እንዳይበሰብስብኝ ነው።»

ልጅቱ ብዕር አልያዘችም ነበር። ሮጣ ገብታ አመጣች።

«ደግሞስ ስልክ የሌላትን ምን ብለው ጠየቋት? የኔው ስልክ እንኳ የልጄ ነው። ቢደውሉ እሱ ነው የሚያነሳው። እሱ ስለ ሽንኩርት ምን ያውቃል!»

እትዬ ይህን ሲሉ የዓለም ባንክ ባለሙያዎችም ያሰቡበትን ነገር ነው የነኩት። ዓለም ባንክ ከስታቲስቲክስ ኤጀንሲው ጋር ቀድሞ ካካሄደው የቤተሰብ ጥናት በስልክ ሊገኙ የሚችሉትን መርጦ ከሚያዝያ 14 እስከ ግንቦት 5 ድረስ ደወለ፤ በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰብ መለሰ። ከዚያ በየጊዜው እየተደወለ ቀጠለ። ጥሬ መረጃው ለተመዘገበ ሁሉ በነጻ ይወርዳል፤ ለአገራችን የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በዚያ ዓመት የተሰጠ ትልቁ ስጦታ እሱ ይመስለኛል። ሥራ ያጣው ስንት ነው፣ ገቢው የቀነሰበት፣ ልጁ ትምህርት ያቋረጠበት፣ ሁሉም አለ። ነገር ግን በስልክ ሊገኝ የማይችል ቤት በናሙናው የለም። አጥኚዎቹ ክፍተቱን በስሌት ለማካካስ ሞክረዋል፤ መኖሩንም ሰነዱ ላይ በግልጽ ጽፈውታል። ቁጥሩን ብቻ ቀድቶ የሚሄደው ግን ሰነዱን አያነብም። የዚያው የኢፍፕሪ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ያዩት ነገር ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ቤተሰቡን «ገቢህ ቀንሷል?» ሲሉት አብዛኛው አዎ አለ፤ የበላውን ምግብ አንድ በአንድ ቆጥረው ሲጠይቁት ግን ፍጆታው ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እምብዛም አልወረደም። የጥያቄው አቀራረብ መልሱን ምን ያህል እንደሚለውጥ እዩ።

የአትክልቱ ጥናትም ኋላ ተጠናክሮ ሲታተም ውጤቱ ሰው እንደጠበቀው አልሆነም። የዋጋው ለውጥ እንደ ምርቱ ዓይነት የተለያየ ነበር፤ በገበሬውና በሸማቹ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ግን በአብዛኛው እንደተፈራው አልሰፋም። ይህን ለእትዬ ስትነግራቸው አላመኑም። እኔ ግን ባያምኑ አልፈርድባቸውም። ጥናቱ ሰንሰለቱን ሁሉ አማካይ አድርጎ ያያል፤ እሳቸው የሚያዩት የማታውን ቲማቲም ነው።

ቀጥሎ ልጅቱ ያጋጠማት ሰነድ ከሁሉም ለየት ይላል። ዴቦራ ላፕተን የተባሉ አውስትራሊያዊት ሶሾሎጂስት በመጋቢቱ ሰሞን ጎግል ዶክስ ላይ አንድ ክፍት ገጽ ጀምረው ነበር፤ በወረርሽኝ ጊዜ የመስክ ሥራ እንዴት ይሠራል የሚል። ያወቀ ሁሉ ገብቶ ጨመረበት፤ የስልክ ቃለ መጠይቅ፣ ማስታወሻ ማስጻፍ፣ ፎቶ ማስነሳት፣ የቪዲዮ ስብሰባ። ልጅቱ የቪዲዮውን ክፍል ስታነብ ብቻዋን ሳቀች። ማስታወሻ ማስጻፉ ግን አሰባት። የጉልት ሴቶቹ መጻፍ ላይ አይበረቱም ይሆናል፤ ዓረብ አገር ካለችው ልጃቸው ጋር ግን በኢሞ ሲያወሩ ያድራሉ። በድምፅ ቢልኩላትስ? ማታ ገበያው ሲበተን የዕለቱን ገበያ በድምፅ የሚነግሯት ሴቶች መለመለች፤ ካርዱን እሷ ትሞላለች። ስልክ የሌላት ከጎረቤቷ ስልክ ትናገራለች። ይህ ከየትም ማኅደር የማይወርድ መረጃ ነው።

በዚህ መሀል ሰኔ 22 መጣ። ማታውን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግስቱ የአገሩ ኢንተርኔት ጠፋ። አዳማ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ፣ ቤትና ንግድ ተቃጠለ፤ የዚያን ሳምንት ነገር በዚህ ትረካ ልዘረዝረው አልፈልግም፤ ራሱን የቻለ ትልቅ ሐዘን ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ዓለም በሩን ሁሉ ከፍቶ «ግቡ» ሲል አዳማ ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል መንገዱ ራሱ ተዘጋ። ጄስቶር 100 ይፍቀድ፣ 1,000 ይፍቀድ፣ ምን ይለወጣል? የተሟላው አገልግሎት የተመለሰው በሐምሌ አጋማሽ ነው። የኢንተርኔት መዘጋት በዚያ ዓመት አዲስ አልነበረም፤ ምዕራብ ኦሮሚያ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ተቋርጦባት ነበር፤ እዚያ ያለ ሰው ስለ ወረርሽኙ ለመስማት እንኳ ተቸግሯል።

ልጅቱ በነዚያ ሳምንታት ምን አደረገች? ያወረደችውን አነበበች። እውነቴን ነው፤ ያኔ ነው ያነበበችው። ከላፕቶፑ የሚበዛውን ጣለችው፤ የሙምባዩና የሌጎሱ ሄደ፤ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ቅድመ ኅትመቶችን ለየች፤ ኤስኤስአርኤንና ሶሽአርካይቭ በተባሉት ማከማቻዎች ላይ በዚያ ሰሞን የሚወጣው ስለ ኮሮና የተጻፈ ገና በባለሙያ ያልታየ ነገር ብዙ ነበር። በባለሙያ መታየትም ዋስትና እንዳልሆነ ሰዉ በግንቦት አይቷል፤ ታላቁ የሕክምና መጽሔት ላንሴት ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን መድኃኒት ያወጣውን ጥናት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰርዞታል።

የቁጥር ችግሯን ግን ንባብ አልፈታላትም። የአዳማን ሕዝብ ብዛት ለመጻፍ ያላት የ1999ኙ ቆጠራ ነው፤ 220,212። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቆጠራ ሲራዘም ሲራዘም ቀርቷል። ከተማዋ ፈጣን መንገድና ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምራ፣ ባጃጇ መንገዱን ሞልቶ፣ በወረቀት ግን ባለችበት ናት። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው አይፐምስ በተባለው የመረጃ ማኅደር ውስጥ የኢትዮጵያ የሦስቱም ቆጠራዎች ናሙና አለ፤ በግለሰብ ደረጃ ያለው መረጃ እንኳ ተመዝግቦ ይወርዳል። ከሦስቱ በኋላ ያለውን ግን ማንም ማኅደር ሊሰጣት አይችልም፤ አልተቆጠረማ።

ጽሑፏን በቀጣዩ ዓመት ጨረሰች እንበል። የእትዬ የማታ ቲማቲም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሆኗል፤ የዕለት ዋጋን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለይቶ የሚያሳይ። ጽሑፉን ማከማቻው ላይ ስትጭን ቅጹ ቁልፍ ቃላት ጠየቃት። ከአምስት አይበልጥም ይላል። «አዳማ» ብላ ጻፈች። «ናዝሬት» አለች፤ ከእሷ በኋላ የሚፈልግ ሰው በየትኛው እንደሚመጣ አይታወቅም። «ጉልት»፣ «የአትክልት ንግድ»፣ «ሴቶች»፣ «ኮቪድ»። ስድስት ሆነ። አንዱ መውጣት አለበት። አማካሪዋ «ናዝሬትን አውጪው፣ አሁን ማን ይለዋል?» አሉ። እሷ ግን በኮቪድ የሚፈልግ ሰው ስንት መቶ ሺህ ጽሑፍ እንደሚወርድበት ታውቃለች። ኮቪድን አጥፍታ ላከችው።